«ምክር ተሰጥቷል» የምትል አንዲት መስመር

የጠያቂያችን ደብዳቤ (አሳጥረን ያቀረብነው)፦

«በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የምክር አገልግሎት የምሰጥ ባለሙያ ነኝ። ዘንድሮ በካውንስሊንግ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚማሩ 4 ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ እኛ ተልከው፣ ሱፐርቫይዘራቸው እንድሆን ተመድቤያለሁ። አንዱ በኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክሊኒክ፣ አንዷ በእናቶችና ሕፃናት ክፍል፣ አንዱ በተመላላሽ ሕክምና፣ አንዷ ደግሞ በስኳርና ደም ግፊት ክትትል ክፍል ይሠራሉ። እኔ ራሴ በቀን ከ20 የማያንሱ ታካሚዎችን ስለማይ ልጆቹን የማገኛቸው ኮሪደር ላይ ነው። ‹እንዴት ነው?› እላቸዋለሁ፤ ‹ደህና ነው› ይሉኛል፤ ዐርብ ዐርብ መዝገባቸው ላይ እፈርማለሁ።

ከአንድ ወር በፊት ለ2 ዓመት የደም ግፊት ክትትል ላይ የነበሩ፣ መድኃኒታቸውን ግን በትክክል የማይወስዱ፣ ከጮቄ ግርጌ የመጡ እናት ወደ ክትትል ክፍሏ ተለማማጅ ተላኩ። በወሬ መካከል ‹ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር› አሏት። ተማሪዋ ለማንም አልተናገረችም፤ ካርዱ ላይ ‹ምክር ተሰጥቷል› ብላ ጽፋ ሸኘቻቸው። ከ6 ቀን በኋላ አንዲት ነርስ ከራሳቸው አንደበት ሰምታ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ወሰደቻቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቲቱ በሕይወት አሉ፤ ክትትልም ጀምረዋል። ተማሪዋን ስጠይቃት ‹ምስጢር ጠብቂ ተብዬ ነው የተማርኩት› ብላ አለቀሰች። የክፍሉ ሐኪም ‹እነዚህ ልጆች ብቻቸውን ታካሚ ማየት የለባቸውም› ብለዋል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሐኪሞቹ በምክር መካከል በር ከፍተው ይገባሉ፤ ‹ምን አለችሽ?› ብለውም በሰው ፊት ይጠይቃሉ።

ተማሪዋን ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ልመልሳት ወይ? ጥፋቱስ የእኔ ነው ወይ? ጊዜውንስ ከየት ላምጣው?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ስለ ተማሪዋ ከመነጋገራችን በፊት ስለ እናቲቱ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሚቀጥለው ቀጠሯቸው መቼ እንደሆነ፣ ቢቀሩም የሚደውልላቸው ወይም በቀበሌያቸው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል የሚያፈላልጋቸው ማን እንደሆነ በስም ያውቃሉ? ክትትል ጀምረዋል ማለት ብቻውን አይበቃም። በገጠር ቤት ለአረምና ለተባይ የሚረጨው መድኃኒት ከቤት ዕቃው ጋር አብሮ መቀመጡ የተለመደ ነውና፣ ያ ነገር ከቤት እንዲወጣ ወይም እርሳቸው በማይደርሱበት ቦታ እንዲቆለፍ ከራሳቸው ጋር ተነጋግሮ፣ በፈቃዳቸውም የሚያምኑትን አንድ ዘመድ ጨምሮ መስማማት ያስፈልጋል። የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ይህን አድርጎት ይሆናል፤ ቢሆንም ይደረግ አይደረግ ዛሬውኑ ሄደው ያረጋግጡ፤ ሲሄዱም ተማሪዋን ይዘዋት ይሂዱ።

ተማሪዋን አይመልሷት። ይህን የምለው ስላለቀሰች አዝኜላት ወይም የደረሰውን ነገር አቅልዬው አይደለም፤ በእነዚያ 6 ቀናት ውስጥ ምን ሊደርስ ይችል እንደነበር እርስዎም እኔም እናውቃለን። ነገር ግን ደብዳቤዎን ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር ዐልፌው መሄድ ያቃተኝ ነገር፣ እናቲቱ ያንን ቃል አስቀድመው የተናገሩት ለእርሷ መሆኑ ነው። 2 ዓመት ሙሉ ደማቸው ሲለካ፣ መድኃኒት ሲቀበሉ፣ ካርድ ሲያወጡ ከስንት ሰው ጋር ተገናኝተዋል፤ ደብዳቤዎ እንደሚያሳየው ለአንዱም ትንፍሽ አላሉም። ገና ልምምድ ላይ ያለች ልጅ ግን ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ፣ ፋታ ሰጥታቸው፣ ሆዳቸውን እንዲከፍቱ አድርጋለች። ተማሪዋ መስማቱንስ ሰምታለች፤ ያጣችው የሰማችውን ይዛ የምትሄድበት ሰው ነው። እርሷን ቢመልሷት የቀሩት ሦስቱ ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት፣ ከባድ ነገር የሰማ ሰው ዝም ማለት ይሻለዋል የሚል ይሆናል።

ጥፋቱ የእርስዎ ነው ወይ ላሉት፣ ከፊሉ አዎን፣ የእርስዎ ነው። ይህን በግልጽ የምነግርዎት በቅንነት ስለጠየቁኝ ነው። «እንዴት ነው?» ለሚል የኮሪደር ጥያቄ «ደህና ነው» ከሚል በቀር ሌላ መልስ ሊኖር አይችልም፤ ሰላምታ ነዋ። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒኮላስ ላዳኒና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ ከጠየቋቸው ተለማማጆች መካከል ከሞላ ጎደል ሁሉም ለሱፐርቫይዘራቸው ያልነገሩት ነገር እንዳላቸው አግኝተዋል፤ ከደበቁትም ውስጥ በሥራቸው የፈጸሙት ስሕተት ይገኝበታል። እነዚያ ተለማማጆች የተመደበ የሱፐርቪዥን ሰዓት ያላቸው ነበሩ። ልጅ ለትልቅ ሰው፣ ተማሪ ለመምህር ድካሙን መግለጥ በሚያፍርበት በእኛ አገር፣ ሰዓቱም ጭራሽ በሌለበት፣ ዝምታው ምን ያህል ሊወፍር እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ስለዚያች «ምክር ተሰጥቷል» ስለምትል መስመር ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኬ ስለሆነች። በተለማማጅነቴ ዘመን፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጤና ተቋም፣ እኔም ገጽ በገጽ ይህንኑ እጽፍ ነበር። ተቆጣጣሪዬ የልምምዱ ጊዜ ሊያበቃ ሲል መዝገቤን ተቀብለው፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈው፣ እንደቆሙ ገጾቹን እያገላበጡ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ፈረሙልኝ። ከእነዚያ ገጾች በአንዱ ላይ የቲቢ መድኃኒቱን አቋርጦ የመጣ ሰው ነበረ። «ቤቴን ሸጬ ታከምኩ፤ አሁን ድኜስ የት ልገባ?» ብሎኝ የምለው ጠፍቶኝ፣ ስለ መድኃኒቱ ጥቅም የተጻፈውን ወረቀት አንብቤለት ነው የሸኘሁት። ዳግመኛ አልመጣም። ያች መስመር ታካሚው ምን እንዳለ፣ እኔ ምን እንደጠየቅሁ፣ ምን እንደመለሰ፣ ለነገ ምን እንደተስማማን አንዱንም አትናገርም፤ የምትናገረው ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ እንደነበሩ ብቻ ነው። እርስዎም እስካሁን ዐርብ ዐርብ ሲፈርሙ የኖሩት በዚሁ ላይ ነው።

በጤና ተቋሞቻችን «ሱፐርቪዥን» ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ከዞን ወይም ከክልል ቼክሊስት ይዞ በመኪና የሚመጣ ቡድን ነው፤ መዝገብ ይገለጣል፣ የመድኃኒት መጋዘን ይታያል፣ ክፍተት ይጻፋል፣ ግብረ መልስ ተሰጥቶ መኪናው ይመለሳል። ያ ሥራ የራሱ ጥቅም አለው፤ ተለማማጅ ካውንስለር የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህንን ለባልደረቦችዎ ለማስረዳት ደግሞ ጎጃም ላይ ተቀምጠው ሩቅ መሄድ የለብዎትም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ቤት፣ ተማሪው ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ግን ወደ መምህሩ ወይም ወደ አስነጋሪው ቀርቦ ቃል በቃል ይነግራል። መምህሩ ያዳምጣል፤ ሰሙ ከወርቁ የተፋታበትን፣ ቤቱ የተሰበረበትን ቦታ እዚያው ላይ ያቃናለታል። የ2 ቤቷን ጉባኤ ቃና በወጉ ያልነገረ ተማሪ ወደ 8 ቤቱ መወድስ አይሻገርም። «ቅኔ ቆጥሬያለሁ» ብሎ መዝገብ አስፈርሞ የሚያልፍ ተማሪ በዚያ ጉባኤ የለም፤ ሁሉም መንገር አለበት። የተለማማጅ ሱፐርቪዥንም እንዲሁ ነው፤ ሥራውን ልጁ ብቻውን ቢሠራውም፣ የሠራውን ቃል በቃል የሚነግርበት የታወቀ ሰዓትና የሚያደምጠው ሰው ያስፈልገዋል። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ፤ በቅኔው ቤት ተግሣጹ ጠንከር ሊል ይችላል፣ ተበላሽቶ የሚቀረውም ግጥም ነው። እዚህ ግን ተግሣጽ የፈራ ተማሪ ነገሩን ይደብቃል፤ የሚጎዳውም ታካሚው ነው።

እንግሊዛዊቷ ብሪጂድ ፕሮክተር በሱፐርቪዥን ውስጥ ሦስት ሥራዎች እንዳሉ አስቀምጣለች፤ ሙያውን ማስተማር፣ ሥራው ደረጃውን እንዲጠብቅና ታካሚው እንዳይጎዳ መጠበቅ፣ ሠራተኛውንም ማበርታት። በእኛ ዘንድ ሁለተኛው በወረቀት ይሠራል፤ አንደኛውና ሦስተኛው ለተማሪው ዕድል የተተዉ ናቸው። አሜሪካዊቷ ጃኒን በርናርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ሱፐርቫይዘር እንደ ሁኔታው አንዴ እንደ መምህር፣ አንዴ እንደ ካውንስለር፣ አንዴ እንደ ሙያ ባልደረባ ሆኖ እንደሚቀመጥ የሚያሳይ አሠራር አቅርባለች። ይህ ከዚህች ተማሪ ጋር ሲቀመጡ እንዴት እንደሚሆን ልንገርዎት።

መጀመሪያ እናቲቱ ምን እንዳሉ፣ እርሷም ምን እንደመለሰች፣ የምታስታውሰውን ያህል በሁለቱም ቃል እንድትነግርዎት ያድርጉ። «ስለ ችግራቸው ተነጋገርን» ብትልዎት፣ «እሺ፣ ‹ተኝቼ ባልነቃ› ካሉሽ በኋላ አንቺ ምን አልሽ?» ብለው ይመልሷት። ከዚያ፦ «ያንን ሲሉሽ ዐይንሽ ወዴት ሄደ? እጅሽስ ምን ያደርግ ነበር?» ምናልባት «ካርዱን ማገላበጥ ጀመርኩ» ትልዎት ይሆናል። እዚህ ላይ ቶሎ ወደ ማስተማር አይግቡ፤ ጥቂት ዝም ይበሉ። ልጅቷ ደንግጣ ነበር፤ መደንገጧንም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም። ምን እንደፈራች ትንገርዎት፤ ሐኪሙን ይሁን፣ እርስዎን ይሁን፣ ወይም የራሷ ቤት ውስጥ የምታውቀው ሐዘን ትዝ ብሏት ይሁን። ጉዳዩ ወደ ራሷ ሐዘን ካዘነበለ ግን እርስዎ ካውንስለሯ እንዳልሆኑ ያስታውሱ፤ ሥራዋን እንዴት እንደነካው ብቻ ተነጋግረው፣ የቀረውን ሌላ ሰው ዘንድ ሄዳ እንድታወጋው ይርዷት። መምህር የሚሆኑት ከዚህ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እናቲቱን እርስዎ ይሁኑላት፤ እርሷ ጥያቄውን በአፏ ትለማመደው። አንዴ አይበቃም፤ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ እስክትጠይቅ ድረስ ደጋግሙት።

ጥያቄውም በእኛው አማርኛ፣ በአክብሮትና በቀጥታ መቅረብ ይችላል፦ «እናቴ፣ ነገር እንዲህ ሲከብድ አንዳንድ ሰው ሞትን ይመኛል፤ አንዳንዱም ራሱን ሊጎዳ ያስባል። እርስዎስ እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል?» አዎን ካሉ፣ ሐሳቡ ሰሞኑን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚያደርጉት አስበው እንደሆነ፣ እስከ ዛሬስ ምን እንዳቆያቸው ቀስ ብሎ መጠየቅ ይከተላል። ብዙ ተማሪዎች መጠየቁ ሐሳቡን የሚያስገባባቸው ይመስላቸዋል፤ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይዘራ ነው። በጤና ተቋማት ለድብርት መለያ የሚያገለግለው፣ በአገራችንም የተፈተነው ባለ 9 ጥያቄ ቅጽም ቢሆን የመጨረሻ ጥያቄው ይኸው ነው፤ ተማሪዎችዎ ቅጹን ሲሞሉ 9ኛዋን ጥያቄ በጥድፊያ የሚያልፏት መሆን አለመሆኑን አጠገባቸው ተቀምጠው ይመልከቱ። አንድ ነገር ግን በተለይ ያስጠንቅቋቸው፤ ታካሚው የሞት ሐሳቡን ሲናገር «ይሄማ ኃጢአት ነው፣ እንዲህ አይባልም» ማለት በአካባቢያችን ከደግነት የሚወጣ ቃል ቢሆንም አፍ ይዘጋል። ኃጢአት መሆኑን እናቲቱ ከተማሪዋ በላይ ያውቁታል፤ እስከ ዛሬ የደበቁትም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የንስሐ አባታቸውን ማማከር ወይም ጠበል መጠመቅ የሚያጽናናቸው ከሆነ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሂድ፤ እርሱ የሚመጣው ግን ከተደመጡ በኋላ ነው።

ተማሪዋ «ምስጢር ጠብቂ ተብዬ ነው» ማለቷ ሰበብ አይመስለኝም፤ ግማሹን ብቻ ተምራው ነው። ምስጢር መጠበቅ ወሰን አለው፤ ወሰኑም የሚነገረው ከባድ ነገር ከተሰማ በኋላ ሳይሆን ገና ሲቀመጡ ነው። ሁሉም ተማሪዎችዎ ይህን የመሰለ መግቢያ በቃላቸው ይያዙ፦ «የሚነግሩኝን ለሰው አላወራም። ነገር ግን በሕይወትዎ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ የሚያመጣ ነገር ከሰማሁ ብቻዬን አልይዘውም፤ እርስዎን ለመርዳት ለሚያክምዎት ሐኪም እነግራለሁ። ተማሪ ስለሆንኩም ሥራዬን መምህሬ ያየዋል።» ይህን ሰምተው የሚናገሩ እናት፣ መናገራቸው ራሱ እርዳታ መጠየቅ እንደሆነ ያውቃሉ። የሞት ሐሳብ የሰማ ተለማማጅም ታካሚውን ብቻውን ሳይተው፣ ከቅጥር ግቢው ሳይወጣም፣ በዚያችው ሰዓት እርስዎን ወይም እርስዎ የወከሉትን ሰው መጥራት አለበት። ለዚህ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ ታካሚ እያዩም ቢሆን ይጥሩዎት።

ወደ ሐኪሞቹ ልምጣ። «ብቻቸውን ማየት የለባቸውም» ያሉት ሐኪም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻቸውን ማየት አልነበረባቸውም። ስለዚህ ሄደው ይህንኑ ይመኑላቸውና ከዚያ ጨዋታውን ይቀጥሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና አገልግሎትን በጠቅላላው ሕክምና ውስጥ ለማስገባት ፕሮግራሙን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀብላ በሙከራ ጀምራዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ይህንኑ መንገድ ይዞ ነበር። በዚህ መንገድ የሚሠራ ካውንስለር 50 ደቂቃ በሩን ዘግቶ አይቀመጥም። በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ውስጥ የሚሠሩ የምክር ባለሙያዎች አንድን ታካሚ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ማየታቸው የተለመደ ነው። ተማሪዎችዎ ክፍል ውስጥ የተማሩት የ50 ደቂቃውን ከሆነ፣ ሐኪሙ በር ሲከፍትባቸው ሁሉም ነገር የፈረሰባቸው ይመስላቸዋል። በ20 ደቂቃ ውስጥ አንድ ችግር መለየት፣ አደጋ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ፣ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚሞከር አንድ ነገር መስማማት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ያስተምሯቸው።

ሐኪሙ «ምን አለችሽ?» ሲሉ ወሬ መፈለጋቸው እንዳልሆነ ተማሪዎቹ ይረዱ፤ የሚፈልጉት በሕክምናው ላይ ምን መለወጥ እንዳለባቸው ማወቅ ነው። ስለዚህ የእናቲቱን የቤት ጣጣ፣ የምራታቸውን ጠብ፣ የልጃቸውን ስደት መተረክ አያስፈልግም። በ2 ደቂቃ ውስጥ፣ በሐኪሙ ክፍል፣ በር ተዘግቶ ይህን ያህል ይበቃል፦ «መድኃኒቱን የሚተዉት ረስተው አይደለም፤ መኖር ስለታከታቸው ነው። የሞት ሐሳብ አላቸው፤ እንዴት እንደሚያደርጉት አላሰቡም። ዛሬውኑ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቢያያቸው፣ መድኃኒቱም ብዙ ሳይሆን ለአጭር ጊዜ የሚበቃ ብቻ ቢሰጣቸው እንላለን።» ኮሪደር ላይ በሰው ፊት ከተጠየቁ ደግሞ «ዶክተር፣ አሁኑኑ ክፍልዎ መጥቼ እነግርዎታለሁ» ይበሉ፤ ይህም ተለማምዶ የሚመጣ ነገር ነው፤ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ማለት ይከብደዋልና በሱፐርቪዥን ሰዓትዎ ደጋግመው ያለማምዷቸው። ከሐኪሞቹም በምላሹ የሚጠይቁት ነገር ይኑር። ታካሚውን «11 ቁጥር ሂዱ» ብለው በወረቀት ከሚልኩ፣ ሲችሉ ተነሥተው «ይህች ባልደረባዬ ናት፣ ከእርሷ ጋር ተጨዋወቱ» ብለው እጅ በእጅ ያስረክቡ። አንዲት ደቂቃ ብትወስድ ነው፤ ታካሚው ግን ለሐኪሙ ያለውን እምነት ይዞ ወደ ተማሪዋ ይሻገራል። በር ላይም በካርቶን «ምክር ላይ ነን» የሚል ይለጠፍ፤ ከሕይወት አድን ጥሪ በቀር አንኳኩቶ መጠበቅ ልማድ እስኪሆን ድረስ እርስዎ ራስዎ ሐኪሞቹን አንድ በአንድ ያነጋግሯቸው።

ደግሞም ልጆቹ ሁለት አለቃ እንዳላቸው አይዘንጉ፤ የክፍሉ ኃላፊ ሰዓታቸውንና የዕለት ሥራቸውን ያዛል፣ የምክሩን ሥራ የሚያርመው ግን እርስዎ ነዎት። ይህ ካልተጻፈ ካርድ ሲያመላልሱና ክብደት ሲመዝኑ ይውላሉ። ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉና እርስዎ የምትፈርሙበት አንድ ገጽ ወረቀት ይኑር፤ በችግር ጊዜ ማን እንደሚጠራ፣ እርስዎ በሌሉበት ማን እንደሚተካ፣ ውጤት ማን እንደሚሰጥ ይጻፍበት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ «ጊዜ የለኝም» ብለው ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ቢሄዱ «ማን አለው?» ይባላሉ፤ የተሰላ ቁጥር ይዘው ይሂዱ። በአሜሪካ የካውንስሊንግ ትምህርት ክፍሎችን የሚገመግመው ካክሬፕ የተባለው አካል፣ ተለማማጅ በሳምንት በአማካይ 1 ሰዓት ለብቻው ወይም ሁለት ሆነው፣ በተጨማሪም 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ በቡድን ሱፐርቪዥን እንዲያገኝ ይጠይቃል። ያ የእኛ ሕግ አይደለም፤ መለኪያ ግን ይሆንልናል። 4ቱን ተማሪዎች ሁለት ሁለት አድርገው ቢያጣምሯቸው 2 ሰዓት፣ የቡድኑ 1 ሰዓት ከ30፣ በድምሩ 3 ሰዓት ከ30 ደቂቃ በሳምንት ነው። የቡድኑን የዩኒቨርሲቲው መምህር ከተረከበልዎት 2 ሰዓት ይቀርዎታል። 4 ተለማማጆች በሳምንት የሚያዩትን ታካሚ ቆጥረው ከዚህ ጎን ያስቀምጡት፤ ዳይሬክተሩም ሒሳቡን ያዩታል። ሰዓቱን ከገበያ ቀን ያርቁት፤ በገበያ ቀን ታካሚ ስለሚበዛ ተይዞ የማይቆይ ቀጠሮ ይሆናል። አንዴ ከተያዘ ደግሞ እርስዎም እንዳያፈርሱት፤ በሁለተኛው ሳምንት ከቀሩ ተማሪዎቹ ሰዓቱ የይምሰል እንደሆነ ይረዳሉ፤ እንደገና «ደህና ነው» ማለት ይጀምራሉ።

ልጆቹ በሚነግሩዎት ብቻም አይወሰኑ። በዚህ አካባቢ ድምፅ መቅዳት ታካሚን ያስደነግጣል፣ ስልኩም በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፤ እኔ አልመክረውም። ይልቅ ታካሚውን አስፈቅደው ጥግ ላይ ይቀመጡና ሲሠሩ ይመልከቷቸው። ከዚያ በፊት ግን እነርሱ እርስዎን ይመልከቱ። ብዙ ሱፐርቫይዘሮች ይህንን አይወዱትም፤ ተማሪ ፊት መሳሳትን እንፈራለን። እኔ ግን ከሁሉ የተማርኩት አንዲት አንጋፋ ባለሙያ ታካሚ ካሰናበቱ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «‹ሆዴን ባር ባር ይለኛል› ሲሉ ቶሎ ዐለፍኩት አይደል? እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ» ያሉኝ ቀን ነው። ከገጠር የሚመጣ ሰው «ተጨንቄያለሁ» ብሎ አይጀምርም፤ ሆዱን ባር ባር ይለዋል፣ ልቡን ይወጋዋል፣ ራሱን ያቃጥለዋል። ከተማ ያደጉ ተማሪዎች ይህን ሰምተው የጨጓራ ወይም የራስ ምታት ወሬ ይመስላቸውና ያልፉታል። የሚሰሟቸውን እንዲህ ያሉ ቃሎች በደብተር ያጠራቅሙ፤ በቡድኑ ሰዓትም ትርጉማቸውን ተነጋገሩበት።

ውጤት ሰጪም እርስዎ ስለሆኑ ይህን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይንገሯቸው፦ ስሕተቱን ይዞ የመጣ ተማሪ በመምጣቱ አይቀጣም፤ ታካሚን የሚያሰጋ ነገር የደበቀ ግን ይጠየቅበታል። ይህን ካሉ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣልዎትን ስሕተት የሚቀበሉበት ፊት ቃልዎን ያጸናዋል ወይም ያፈርሰዋል።

ስለ ራስዎም ልጨምር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የዘለቀው ግጭት ታካሚውንም ሐኪሙንም ተለማማጁንም እርስዎንም አንድ ላይ ነክቷል። መንገድ ተዘግቶ ቤተሰቡን ያላየ ተማሪ፣ ልጁን ያጣ አባት ፊት ተቀምጦ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እርስዎ ይገባዎታል፤ በሱፐርቪዥኑ ሰዓት «እናንተስ እንዴት ሰነበታችሁ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ መልስ የሚጠብቅ ይሁን። እርስዎንስ ማን ይጠይቅዎታል? በቀን 20 ታካሚ እያዩ፣ 4 ተማሪ ይዘው፣ የሚያዳምጥዎት ሰው ከሌለ ትዕግሥትዎ ቀድሞ የሚያልቀው በልጆቹ ላይ ነው። በባሕር ዳርም ሆነ በሌላ ከተማ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ አንድ ባልደረባ ይፈልጉና፣ የታካሚም የተማሪም ስም ሳትጠሩ፣ በ15 ቀን አንዴ በስልክ ሥራችሁን ተነጋገሩ። ይህን ደብዳቤ የጻፉልኝም እንዲህ ያለ ሰው ስላጡ ይመስለኛል።

እናቲቱ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ሲመጡ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉም እርሳቸውም ከፈቀዱ፣ ተማሪዋ ታግኛቸው፤ እርስዎ ጥግ ይቀመጡ። «ባለፈው የነገሩኝን ሰምቼ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት አልነበረብኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ትበላቸው። ይህን ለማለት ከእርስዎ ጋር አስቀድማ ትለማመድ፤ ስትላቸው ግን አይግቡባት፤ እናቲቱ የሚመልሱላትን ትስማው። ከዚያ ያንን ካርድ አብራችሁ ክፈቱ። የድሮዋን መስመር አትሰርዟት፤ ከሥሯ በዕለቱ ቀን ተማሪዋ በራሷ እጅ እናቲቱ ያሉትን በቃላቸው፣ የጠየቀቻቸውን፣ የመለሱላትን፣ የተስማሙበትን፣ ለማን እንደተነገረና የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ትጻፍ። እርስዎም አንብበው ይፈርሙበት።